ድምፅ የማያስገባው ማዳመጫ

የመንገድ ዳር ሻጩ ለሙከራ ያቀበለው የጆሮ ማዳመጫ ጎማው ላይ የሌላ ሰው ኩክ ነበረበት። ቢጫ ነው፤ አንድ አጭር ፀጉርም ተጣብቆበታል። ቀፈፈው። ሻጩ ጎማውን በሸሚዙ ጫፍ ጠረግ አደረገና፣ «በቃ ንጹሕ ሆነ፣ ወንድሜ። ይሄን ከወተፍክ ቦንብ ቢፈነዳ አትሰማም። ለምን ፈልገኸው ነው?» አለው።

«ለሄቪ ሜታል።»

«ያ ሰውዬው የሚያስታውክበት ዘፈን?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይከራከረው ነበር። ዛሬ ግን ጣጣው ሌላ ነው። አማቱ አብረዋቸው ሊኖሩ ከመጡ ወዲህ፣ ሲያላምጡ ጯ ጯ፣ ሲውጡ ጉልጭ የሚለው ድምፅ አላስበላ ብሎት ሳህኑን ይዞ መኝታ ቤት መግባት ጀምሮ ነበር። ጠዋት ሚስቱ፣ «ከዛሬ ራት ጀምሮ ወይ ከአባቴ ጋር ትበላለህ፣ ወይ ሌላ ቤት ትፈልጋለህ!» ብላዋለች። ከበሮውና ጊታሩ የሽማግሌውን አፍ ይሸፍንልኛል ብሎ ነው የመጣው።

ዓይኑን ጨፍኖ ያንን ኩካም ጎማ ከነጥንዱ ሁለቱም ጆሮዎቹ ውስጥ ወተፈው። ሲገልጥ መንገዱ ጸጥ ብሏል፤ የሻጩ ከንፈር ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። ደስ ሊለው ሲል ጉልጭ የሚል እርጥብ ድምፅ ሰማ። ቀጥሎ ጯ። ሻጩ ላይ በጥላቻ አፈጠጠ፤ ሻጩ ግን አሁን አፉን ገጥሞ ቆሟል። ግራ ገብቶት ምራቁን ዋጠ። ጉልጭ! ያውም ከአማቱ የባሰ፣ ልክ ጭንቅላቱ መሃል።

«ዘፈኑን ክፈተው!» ብሎ ጮኸ። «ቶሎ በል፣ በእናትህ!»