ጳጉሜን የለም

በእንጅባራ አንድ ክሊኒክ መዝገብ ክፍል የሚሠራው ወጣት ጥያቄው የተዘጋበትን ምክንያት ደግሞ አነበበው፤ «ዓመት አሥራ ሦስት ወር የለውም።» ፕሮግራመሮች በሚረዳዱበት ድረ ገጽ የጠየቀው፣ ራሱ የሠራው የቀጠሮ ማስታወሻ ጳጉሜን ሲገባ ለታካሚዎች መልእክት መላክ ለምን እንዳቆመ ነበር። «በእኛ አገር አለው። እባካችሁ መልሳችሁ ክፈቱልኝ» ብሎ ጻፈ። ውጭ የሩፋኤል ዝናብ ይወርዳል፤ ልጆች እየጮሁ ይጠመቁበታል።

«አንተ፣ ከማን ጋር ነው የምትጨቃጨቀው?» አለች ነርሷ ሶስና።

«ጳጉሜን የለም ከሚሉ ሰዎች ጋር።»

«መጥተው በዚህ ዝናብ ይጠመቁ፣ ያኔ ያምናሉ!» ብላ ሳቀች። የቀጠሮውን ዝርዝር ስታይ ግን ሳቋ ጠፋ። «ያበደ ውሻ የነከሳቸው የጥርባው አቶ ይኸነው! ቀጠሯቸው ከትናንት ወዲያ ነበር፤ መርፌውን አልጨረሱም። ደውል፣ ቶሎ!»

ስልኩን ልጃቸው አነሳች። «አባባ ከጓዳ አልወጣም ብለዋል» አለች። «የዝናቡን ድምፅ ሲሰሙ ይንቀጠቀጣሉ። ውሃ ስንሰጣቸውም ይጮኻሉ።»

ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ መልስ ታየ፤ «ልክ ነህ፤ ጥያቄህን ከፍተናል።» ወጣቱ ስልኩን ከጆሮው አላነሳም።