መስኮት ያለው ክፍል

አሮጌ ስልክ መጣል ከተከለከለ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ሰው ሁሉ የገዛውን ስልክ ዕድሜ ልኩን ቤቱ ያኖራል፤ ባትሪው እንዳይፈነዳም መስኮት ባለው ክፍል፣ ከሌላው ስልክ አንድ ክንድ አራርቆ ማስቀመጥ ግዴታው ነው። የደምመላሽ ስልኮች ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን ይዘውበታል። እሱና ሚስቱ ስምረት ኮሪደር ላይ ይተኛሉ። የቀረው የእናቱ የእማማ የሻረግ ክፍል ነው።

አዲሱ ስልክ ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ደምመላሽ እናቱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"እማዬ፣ ለጥቂት ጊዜ መንዝ ብትሄጂስ?"

እማማ ነገሩ ገባቸው። "የሚመጣው ስልክ ምን ያደርጋል?"

"ፊቴን አይቶ ሲከፋኝ ያውቃል።"

"ያንንማ እኔም አውቅ ነበር" አሉና ልብሳቸውን ማጣጠፍ ጀመሩ።

ቅዳሜ ደምመላሽ ግማሽ ቀን ተሰልፎ አዲሱን ስልክ ይዞ ገባ። አሮጌውን እናቱ አልጋ ላይ በክብር አጋደመው። ከዚያ መንዝ በሰላም መግባታቸውን ሊጠይቅ ፈለገና ቁጥራቸውን ከሚስቱ ጠየቀ።

"እሳቸው እኮ ስልክ የላቸውም" አለች ስምረት። "ቦታ እንዳላጣብብበት ብለው ገዝተው አያውቁም።"