አረንጓዴው ነበልባል

ወንድሟ ሲዋሽ ዓይኑን ይሰብር ነበር ወይስ ያፈጥ? ብዙ ዓመት ርቃ ስለኖረች ረስታዋለች። አሁን በወርክሾፑ ጠረጴዛ ማዶ ሽርጡን እንደታጠቀ አፍጥጦ ያያት ነበር።

«መርዛማውን የእሳት መከላከያ ትቻለሁ አልኩሽ። አሁን ፕላስቲኩ ላይ የምጨምረው የሸክላ አፈርና የበቆሎ ስታርች ነው።»

«ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው፣ ወንድም ጋሼ። እሳት ይፍረደን።»

«እባብ ያየ በልጥ በረየ አሉ» አለና ሳቀ። ሳቁም አጠራጠራት። በማግስቱ የሕፃናት መዋያው እሱ የሠራቸውን የሶኬት ክዳኖች የሚረከበው እሷ መርምራ በምትሰጠው ቃል ነበር። ከአሮጌ ገመድ የላጠችውን የመዳብ ሽቦ በጉጠት ይዛ፣ ዓይኗን ከወንድሟ ሳትነቅል ለአፍታ አጋለችው፤ ክዳኑን ነካችበትና መልሳ የጋዙ እሳት ውስጥ አስገባችው። መርዙ ካለ እሳቱ አረንጓዴ ይሆናል። ሆነም።

«እኔንም ልትሸውደኝ?»

ወንድሟ ነበልባሉን አይቶ እሷን አየ። «ከሌላ ብሰማው ባልከፋኝ» አለ በቀስታ። ሽርጡን ፈታ፣ እንደ ንጹሕ ልብስ አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወጣ።

ሌላ ክዳን ልትሞክር ሽቦውን ባዶውን እሳት ላይ ያዘችው። አሁንም አረንጓዴ ነደደ። የገመዱ የፕላስቲክ ልባስ ቅሪት ሽቦው ላይ ነበር፤ እሱም ሲነድ እሳቱን አረንጓዴ ያደርጋል፤ አስቀድማ አቃጥላ ማጽዳት ሲገባት ለመፍረድ ቸኩላለች። አረንጓዴው እስኪጠፋ አቃጠለችውና ክዳኑን እንደገና ነካችበት። እሳቱ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ።

«ወንድም ጋሼ፣ የተበላሸው የእኔ ሽቦ ነው። ክዳኑ ንጹሕ ነው። ተመለስ» ብላ ላከችለት። መልእክቱ መድረሱን ስልኳ አሳያት። ሽርጡ ግን እንደታጠፈ ከረመ።