የስቶኪንጌ ፈተና

«አሁንም ያዘው» ይላል ባለቤቴ፣ የኔን ስቶኪንግ እንደ ጓንት እጁ ላይ አጥልቆ።

ሰሌዳው ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። «ልብስ ስፌት» የሚሉትን ፊደላት ከእንጨት ፈልፍሎ ያወጣቸው እሱ ነው። ስቱኮ ቀብቷቸዋል፣ ነጭ ቀለም ደርቦባቸዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጓቸዋል። የቀረው ላያቸው ላይ የሚለበጠው ስስ ወርቅ ብቻ ነው። ወርቁ ደግሞ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ስለሆነ ከስሩ ያለውን ጭረት ሁሉ ያሳብቃል። ለዚህ ነው በስቶኪንግ የሚፈትነው፤ አንዲት ክር ከተያዘች ፊደሉ ገና ሻካራ ነው ማለት ነው።

ስንት ዘመን በሰው በረንዳ ላይ ስሰፋ ኖሬ ነገ የራሴን ሱቅ እከፍታለሁ። እሱ ግን ከጠዋት ጀምሮ «ል» ላይ ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል ቀና ሳይል።

«ያንተ እንቁላል እኮ ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ፣ ሌላ እንቁላል ጥሏል።»

እየሳቀ ብርጭቆ ወረቀቱን እንደገና ያነሳል። እኔ ግን መሳቄን አቆማለሁ። «ል» እግሯ ጫፍ ላይ ቀለሙ ሳስቶ እንጨቱ ሊታይ ምንም አልቀረውም። አንድ ጊዜ ከደገማት እንደገና ስቱኮ፣ እንደገና ቀለም፣ እንደገና ማድረቅ ሊመጣ ነው። ሱቄም ነገ ያለ ስም ሊከፈት ነው።

«ተው አንተ ሰው። ስቶኪንጌን ወዲህ በል።»

«የት ልትሄጂበት?»

«የትም።»

እጄ ላይ አጠልቀውና «ል» ላይ አንሸራትተዋለሁ፤ ከዚያ «ብ» ላይ፣ «ስ» ላይ። ምንም አይዘኝም። ተመልሼ እሞክራለሁ፤ አሁንም ምንም።

«እስቲ ስጪኝ» ብሎ መልሶ ያጠልቀዋል። ገና ሰሌዳው ጋ ሳይደርስ ስቶኪንጉ ጣቱ ላይ ተይዞ ይተረተራል።

ሁለታችንም እጁን እናያለን። የጣቶቹ ጫፍ ተሰነጣጥቆ እንደ ዛፍ ቅርፊት ደርቋል። ለካ ፊደሉ ድሮ ለስልሷል፤ ክሩን ሲይዝ የዋለው የገዛ እጁ ነው።

ልስቅበት ነበር። ግን ይሄ እጅ የስንቱን ሰው በርና ሰሌዳ ሲያለሰልስ እንደኖረ ሳስብ አንጀቴን ይበላኛል።

«ቅባት ላምጣልህ።»

«ስንጥቅ ውስጥ የገባ ቅባት ታጥቦ አይወጣም፤ ቅባት ያለበት እጅ ደግሞ ወርቅ አይነካም።»

«እንግዲያው ወርቁን እኔ አለብሳለሁ። ማልበስ ስራዬ አይደል?»

ትንሽ ያስባል። «ወርቁ በትንፋሽ ይበራል፤ ትንፋሽሽን መያዝ ትችያለሽ?»

«ውድ ጨርቅ ስቆርጥ ማን ይይዝልኛል?»

ተሸንፎ ወንበር ይስባል። ቅባቱን አምጥቼ ከፊቱ እቀመጣለሁ፤ እጁንም ጉልበቴ ላይ ያሳርፋል። አውራ ጣቱን ማሸት ስጀምር ሻካራው ቆዳ መዳፌን ያዝ ያደርገኛል። ቀስ ብዬ አሻለሁ፤ የኔን እጅ ኋላ ሳሙና ያጠራዋል። ነገ ገና ሩቅ ነው።