ለብ ያለ ውሃ

ሾፌሩ የመታጠቢያ ቤቱን መቃን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ አልገባም አለ። ወለሉ ቁልቁለት ነው፣ ነጩ ሸክላ እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ እግሩን ካነሳ እሱንም ይዞት ይሄዳል። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው፤ ጡረታ ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ። ሚስቱ እንዲህ ሲንቀጠቀጥ አይታው አታውቅም።

"እየሞትኩ ከሆነ ንገሪኝ" አላት።

"አትሞትም። ቸኮሌት ነው የበላኸው።"

ነገሩ የጀመረው ከምሳ በኋላ ነው። ሰውየው ጣፋጭ ነገር ሲያይ አያስችለውም፤ ሐኪም ከከለከለው ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ብሶበታል። ሠዓሊዋ ልጃቸው ልትጠይቃቸው መጥታ ስትመለስ የረሳችውን ቦርሳ ሲበረብር በብርማ ወረቀት የተጠቀለለ ቸኮሌት አገኘና ሚስቱ ሳታየው ግማሹን ዋጥ አደረገው። ትንሽ ቆይቶ መጋረጃው ይተነፍሳል እያለ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋና ላብ በላብ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ያ የፈረደበት የደም ግፊቱ የተነሳበት መስሏት የስፌት መኪናዋን ትታ ብድግ አለች። ወረቀቱን ከሶፋው ሥር ስታገኘው ነው ለልጇ የደወለችው።

ልጅቱ ቸኮሌቱ እንጉዳይ እንዳለበት፣ እንጉዳዩም ሰውን ለጥቂት ሰዓታት የሌለ ነገር የሚያሳይ ዓይነት እንደሆነ እያለቀሰች ተናገረች። እናትየው ለቁጣው ሌላ ቀን እንዳለ ነገረቻትና አሁን ምን ላድርግ አለቻት። ልጅቱም ነርስ ጓደኛዋን መስመሩ ላይ አስገባቻት።

ነርሷ ረጋ ብላ ጠየቀች። ደረቱን ያመዋል? ትንፋሽ ያጥረዋል? ሰውነቱ ይግላል? የሚወስደው መድኃኒት ምንድን ነው? ሚስቲቱ ከግፊት ኪኒኑ በቀር ሌላ የለም አለቻት። ነርሷም ከሕመሞቹ አንዱ ከታየ አምቡላንስ መጥራት እንጂ መጠበቅ የለም አለች። እስከዚያው መብራት መቀነስ፣ አለመከራከር፣ ብቻውን አለመተው።

"ሻወር ባስገባውስ?" አለች ሚስቲቱ። ልጆቿ ሕፃናት ሳሉ ለቅሶ አልቆም ሲላቸው ውሃ ታስነካቸው ነበር።

"አንዳንዱን ያረጋጋዋል፣ አንዳንዱን ያስፈራዋል። ይሞክሩት። ግን ለብ ያለ ይሁን፣ ይቀመጥ፣ እንዳይንሸራተት። እምቢ ካለ ይተዉት እናቴ፣ እንዳያስገድዱት።"

ስልኩን ክፍት እንደሆነ የእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ የባሏን ጣቶች ከመቃኑ አንድ በአንድ አላቀቀችና ሁለቱንም እጆቹን ያዘች። "ወለሉን ተወው" አለችው። "እኔን እያየህ ና።" እሷ የኋሊት፣ እሱ ወደፊት፣ ሦስት እርምጃውን እንደ ሦስት ኪሎ ሜትር ተጓዙት። ሸሚዙን አወለቀችለትና ከነቁምጣው የፕላስቲክ በርጩማ ላይ አስቀመጠችው።

የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። እንደ ልማዷ ሻወሩን ከላይ ከፈተችው። ውሃው ሲወርድ ሰውየው ጭንቅላቱን በክንዶቹ ከልሎ ጮኸ፤ ጠጠር እየዘነበበት ነበር፣ ከጠጠሩ ጋር ደግሞ የብዙ ሰው ጫጫታ። ወዲያው ዘጋችው። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለችና ይቅር በለኝ አለችው። የእጁን ትርታ ቆጠረች። ይፈጥናል፣ ግን አይዘልም። ደረቱን እንደማያመው ደግማ ጠየቀችና ለነርሷ ነገረቻት። "እንግዲህ ይተዉት፣ ወይም እሱ ሲፈልግ" አለች ነርሷ።

የፈለገው ራሱ ነው። ከበርጩማው ሥር የቀረውን እርጥበት በእግሩ አውራ ጣት እየነካካ "ትንሽ ብቻ" አለ።

ሚስቲቱ የሻወሩን ጎማ ከመስቀያው አወረደችው። ውሃው እስኪሞቅ ጠበቀች፣ በእጅ አንጓዋ ለካች፣ ቀነስ አደረገችና የእግር ጣቶቹን ብቻ አረጠበችለት። "ይኼስ?" አለችው። በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ስትደርስ ጠየቀችው፣ ጉልበቱ ላይ ስትደርስ ጠየቀችው። ትከሻው ላይ ስትደርስ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ከሆዱ የወጣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

"የውሃው እጅ ያንቺን ይመስላል" አላት ዓይኑን ጨፍኖ።

"የኔ ነው እኮ" አለችው። መዳፏ ጀርባው ላይ ነበር።

ስልኩ ውስጥ ልጅቱና ነርሷ ሲስቁ ተሰማ፤ የልጅቱ ሳቅ ግን ወዲያው ወደ ለቅሶ ዞረ። እናትየው ደህና ነው፣ ትንሽ ቆይቼ እደውላለሁ ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ከዚያ ራቅሽብኝ አላት። ክንድ የማይሞላ ርቀት ነበር በመካከላቸው። እሷ ግን አልተከራከረችውም፤ ጎማውን ትከሻው ላይ አሳርፋ ከነቀሚሷ ውሃው ውስጥ ገብታ እግሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ውሃው እሱን አዳርሶ በእሷ አናት ይወርድ ጀመር። የቀሚሷ ቀለም ጠቆረ፣ የፀጉሯ ማስያዣም ተፈትቶ ወደቀ። ብዙ ቆዩ። መንቀጥቀጡ ከትከሻው ወደ ጣቶቹ ወረደ፣ ከጣቶቹም ጠፋ።

ዓይኑን ሲገልጥ አናቷን አተኩሮ አየ።

"ፀጉርሽ መቼ ነው የሸበተው?"

እንጉዳዩ የሚያናግረው መስሏት ቀና አለች። ዓይኑ ግን ጠርቶ ነበር።

"አንተ መንገድ ላይ እያለህ" አለችው።

"ሁሉም?"

"ቀስ በቀስ ነው። በየጉዞህ ትንሽ ትንሽ።"

ጎንበስ ብሎ ውሃውን ራሱ ዘጋው፣ ከመስቀያው ፎጣውን ሳበና ከጆሮ ግንዷ ጀምሮ ፀጉሯን ጭብጥ ጭብጥ እያደረገ፣ አንዱን ነጭ ዘለላ ከሌላው እየለየ ያደርቅላት ጀመር። እንዲመቸው አንገቷን ዘንበል አደረገችለት።