በሩ ከተቆለፈ በኋላ

የድምፅ መስጫው ደወል ቆመና የምክር ቤቱ በር ተቆለፈ። ድምፅ የሚቆጠረው በተቀመጡበት ጎን ነውና፣ የሚደግፉ ከአፈ ጉባኤው በስተቀኝ፣ የሚቃወሙ በስተግራ ተቀመጡ። በእንደራሴነት ያረጀችው ማቪስ በዐይኗ ቆጠረች፤ የገጠር ከተማዋን ማዋለጃ ክፍል የሚያስከፍተው አዋጅ ዛሬም በአንድ ድምፅ ሊወድቅባት ነው።

ያን ጊዜ ከማዶ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲሞግታት የኖረው ኬልቪን ተነሣ። የፓርቲው ሰው እጅጌውን ቢይዘው አስለቅቆ፣ እያነከሰ ወደ እሷ ተሻገረ።

«ጠጋ በይ፣ አሮጊት።»

«መንገድ ጠፋብህ እንዴ?»

«የልጅ ልጄ ትናንት ብሪዝበን ሆስፒታል ሳትደርስ መኪና ውስጥ ወለደች። አትለፍልፊ፣ አስቀምጪኝ።»

ማቪስ ቦርሳዋን ከወንበሩ አነሣችለት። አፈ ጉባኤው «አዋጁ ጸድቋል» ሲሉ፣ ሁለት ጣቶቿን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ የበግ ጠባቂ ውሻ እንደምትጠራ ሁሉ አዳራሹን በፉጨት አናወጠችው።