ጥሬ የሚበሉት የጸሐይነሽ ውሾች

እስቲ ንገሩኝ፤ ውሻ ሁዳዴን እንዲጾም ያዘዘው የትኛው መጽሐፍ ነው? እናንተ ለፋሲካ ቁርጥ እየተመኛችሁ፣ ውሻችሁ በሩዝ እጣቢ ሆዱን ቢነፋ ይጸድቃል?

ጸሐይነሽ ይህን እያብሰለሰለች፣ በአንድ እጇ ሳፋ፣ በሌላው የሁለት ውሾቿን ገመድ ይዛ፣ ከደብረ ታቦር መንገድ ዳር ሾላው ሥር ወደተሰበሰበው ዕድር ገባች። የጥሬ ሥጋው ሽታ ቀድሟት ደረሰ። የወረታ ሰው አፍንጫውን ያዘ።

ጉዳዩ የሞት ነበር። የስመኝን ጥጃ ውሻ ነክሷታል። የጸሐይነሽ ጎረቤት አያልነህ ደግሞ የእሷ ውሾች ናቸው ብሎ፣ ሁለቱም በመርዝ እንዲገደሉ ጠይቋል።

"ይኸው፣ በጾም ሥጋ ተሸክማ መጣች!" አለ አያልነህ ብድግ ብሎ። "ከገና ወዲህ ጓሮዋ ደም ደም ይሸታል። ጥሬ የለመደ ውሻ ዛሬ ጥጃ፣ ነገ ሰው ነው! ረቡዕ አያውቁ፣ ዓርብ አያውቁ!"

"የክርስትና አባታቸው ነህ እንዴ እንዲህ የምትቆጣው?" አለችው ጸሐይነሽ።

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ጸሐይነሽ ወደ ቄስ ወልደ ሥላሴ ዞረች። "አባ፣ እርስዎ ይንገሩን። ለውሻ ጾም ተደንግጓል?"

"አልተደነገገም፣ ልጄ" አሉ ቄሱ ጢማቸውን እየጨበጡ። "እኛን ያስፈራን ጥሬው ነው።"

"ከሙስሊሞቹ ልኳንዳ የገዛሁት የበሬ ልብና የጣና ዓሣ ነው። ውሃ የቋጠረ፣ የታመመ ጉበትና ሳንባ ከተገኘ እቀብረዋለሁ እንጂ አልሰጥም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባታቸውም ይኸው።" ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አኖረችላቸው። "ስመኝ፣ እስቲ ጥጃሽን አምጫት።"

ስመኝ የምታነክሰውን ጥጃ እየሳበች አመጣቻት። ጸሐይነሽ የውሾቿን ገመድ ፈታች፤ ውሾቹ ቢሳሳቱ በገዛ እጇ ማስገደሏ ነው። አንደኛው ውሻ ጉሬ ጥጃዋን አሸተተና አዛጋ። ሁለተኛው ዳኜ ሳፋው ፊት ቁጭ ብሎ፣ "ብሉ" እስክትል ዓይን ዓይኗን ያያት ጀመር። ጠጉራቸው ቅቤ የተቀባ ይመስላል። ጥጃዋም በመካከላቸው ቆማ ታመሰኳለች።

ድንገት ጥጃዋ ጆሮዋን አቁማ አጓራች። ሽታው የጠራው አንድ ውሻ ከአያልነህ አጥር ሥር ሾልኮ ወጥቷል። የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠራል። የአያልነህ ውሻ መሆኑን የማያውቅ የለም። ሳፋው ጋ እንኳ ሳይደርስ በጥጃዋ የቆሰለ እግር ላይ ተወረወረ። ጉሬና ዳኜ መሐል ገብተው አንድ ጊዜ ሲያጓሩበት፣ ጭራውን ወትፎ ጌታው እግር ሥር ተሸጎጠ።

"ይኸው ነው!" ብላ ጮኸች ስመኝ። "ጥጃዬ አውቃዋለች!"

ሾላው ሥር ያለው ሰው በጭብጨባ ተናጋ። ጸሐይነሽ ቀና ብላ፣ "ብሉ!" አለቻቸው፤ ውሾቿም ሳፋው ላይ አቀረቀሩ።

ቄሱ ፈገግታቸውን እየደበቁ መስቀላቸውን አወጡ። "በሉ፣ እውነቱ ወጥቷል፤ በጸሎት እንዝጋ።"

"የለም፣ አባ፤ ገና አይዘጋም!" አለች ጸሐይነሽ። "አያልነህ፣ የት ትሄዳለህ? ስሜን ያጠፋኸው በአደባባይ ነው። ይህን ፍጡር እስኪነክስ ያስራብከው ለምንድን ነው? እዚሁ ቁም፤ ሰው ሁሉ እየሰማህ መልስ!"